በእማዬ ግንባር ላይ የተጻፈው

ግቢ፣ ግቢ ጎረቤቴ። ምነው እንደ እንግዳ በር ላይ ቆምሽ? እዚያኛው ወንበር ላይ ብቻ እንዳትቀመጪ፣ አንድ እግሩ ገና ሐሳቡን አልወሰነም። እዚህ ነይ፣ መስተዋቱ አጠገብ። ማበጠሪያውን አንሺውና ተቀመጪ፤ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የሚመጡት ናቸው እዚህም እዚያም የሚጥሉት። ዛሬ ደግሞ የስፌት መኪናሽ በጊዜ ዝም አለች፣ ደህና ነሽ? እኔ እንደሆንኩ ከግድግዳው ወዲያ ትርርር ስትል ካልሰማሁ ሥራ ላይ ያለሁ አይመስለኝም። ሻዩ ትኩስ ነው፣ ስኳሩን እንደ ልማድሽ ራስሽ ጨምሪ። እኔ ስጨምርልሽ ሁልጊዜ አነሰ ትያለሽ።

አምፖሉን ነው የምታዪው? አዎ፣ ደክሟል። እቀይረዋለሁ እያልኩ ይኸው አለን፣ እኔም እሱም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ደካማ አምፖል ክፉ አይደለም። በደካማ መብራት ሰው ሁሉ መልከ መልካም ነው፣ ሥራም ሁሉ እንከን የለውም… ያን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ትልቅ ፍሬም ደግሞ ለጊዜው ተዪው፣ አኩርፎ ነው።

ቀስ ብለሽ ሳቂ እንጂ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃን ተኝታለች። የወንድሜ ልጅ ናት፣ እናቷ ሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ነው የምትውለው። ወንድሜን ታውቂዋለሽ አይደል? ያውልሽ፣ መስኮቱ ሥር ስልኩን የሚነካካው። ልጁን ሊወስድ መጥቶ እስክትነሳ እየጠበቀ ነው። እሱን አትፍሪው፣ አይሰማንም። ሥራ ላይ ነው። ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፣ ይባረክ… እኛ እንጫወት።

ኮምፒውተሩ ለምን ጨርቅ ለበሰ ትይኝ ይሆናል። እሱንም እንደርስበታለን። መጀመሪያ ስለ መኪናሽ ልጠይቅሽ። ያቺ መኪናሽ፣ ጠዋት ገብተሽ ስትነኪያት፣ «ቆይ፣ አንቺ ማነሽ?» ብላሽ ታውቃለች? የሰው ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሰፍተሽ ሳለ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ይህን ክር ከየት እንዳመጣሽው ካላስረዳሽኝ አንድ ስፌት አልሄድም» ብላሽ ታውቃለች? አታውቅም። ብረት ብትሆንም አሳዳጊ አላት። እኔ የምሠራበት ፕሮግራም ግን የተማረ ነው፣ የተማረ ሰው ነው የሠራው፣ ስለዚህ ይጠይቃል።

እንግዲህ ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አንቺ አታውቂውም። አንተም አታውቀውም ወንድሜ፣ ቀና አትበል፣ ሥራህን ሥራ… እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ። ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሸሚዙን እንኳ እጥፋት አይደፍረውም። ታማኝ ነው። ታማኝነቱን ሁሉ ለራሱ ስለወሰደው ለሌላው ሰው የተረፈ የለም፤ ስለዚህ ማንንም አያምንም።

የሚሠራው ፎቶ የሚታረምበትን ፕሮግራም የሚያወጣ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ነው። እኛ ፎቶ ቤቶች ሁላችንም በሱ ነው የምንበላው። እሱ ታዲያ ፕሮግራሙን አይደለም የሚሠራው፣ ያንንማ ማንም ይሠራዋል። እሱ የሚሠራው ፈታሹን ነው። አፕዴት በመጣ ቁጥር ቤት ለቤት እየዞረ፣ ማን በተሰረቀ ፕሮግራም ይሠራል፣ ማን ከፍሎ ይሠራል እያለ የሚያጣራውን። ሌላው ሰው በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፤ እሱ የቁልፉ ቀዳዳ ላይ የሚቀመጠውን ዓይን ይሠራል። ለዚህ ሥራ ሲል ልጁ ሳትነቃ ከቤት ይወጣል፣ ልጁ ከተኛች በኋላ ይገባል። የሰውን ሁሉ ማንነት ሲያጣራ የሚውል ሰው እቤቱ መች ሊደርስ ነው? አይፈረድበትም።

ፈታሹ ደግሞ በሠሪው ወጥቷል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። በቀደም አንድ ሽማግሌ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። አስቀመጥኳቸው፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ አልኳቸው፣ አነሳሁ፣ ላስተካክል ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ወዲያው ነጭ ነገር ድርግም አለና «እባክዎ ትክክለኛ ተጠቃሚ መሆንዎን ያረጋግጡ» አለኝ። እሺ፣ ላረጋግጥ። ኮድ ልኬያለሁ አለ፣ ኮዱ አልመጣም። ሌላ ላክ አልኩት፣ ሁለቱ አብረው መጡ፣ አንደኛውን ባስገባ ጊዜው አልፏል፣ ሁለተኛውን ባስገባ ብዙ ሞክረሻል። ከዚያ ሮቦት አለመሆኔን እንዳስረዳ ጠየቀኝ። ድልድይ ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጪ አለ። መረጥኩ። አንዱ ድልድይ ይሁን የአጥር ግንብ ሊለይልኝ አልቻለም፣ በሱ ወደቅኩ። ይታይሽ፣ ሰው መሆኔን ማሽን ተጠራጠረ፣ ፈተነኝ፣ ጣለኝ። ዞር ስል ሽማግሌው አሁንም አገጫቸውን ቀና እንዳደረጉ ናቸው። «ጨረስሽ ልጄ?» አሉኝ። አልጨረስኩም አባባ፣ ሌባ አለመሆኔን እያስረዳሁ ነው አልኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሳያዩኝ ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ።

ከመንገዱ ማዶ ያለውንስ ፎቶ ቤት ታውቂው የለ፣ «ፍላሹ» የምንለውን? የሱ ፕሮግራም ከየት እንደመጣ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። አንድ ቀን ግን «ማነህ» ተብሎ አያውቅም። ለምን በይኝ… መጀመሪያ ነገር ፈታሹን ነቅሎ ነዋ የጣለው። ሌባ እንዲይዝ የተሠራው ነገር ሌባው ቤት አይገባም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ አይደል? የኛ ሰፈር አይጥ ደግሞ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ሻይ ይዞ፣ ዳዋው ሲመታ ይመለከታል። «እትዬ፣ ዛሬም እየተፈተንሽ ነው?» ይለኛል።

አንተ፣ ሻይ ልጨምርልህ? … አልሰማኝም። ተዪው፣ ሥራ ላይ ነው።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ሰውዬው። እህት አለችው፣ ታላቁ። እሷም፣ ምን ይገርምሻል፣ እንደኔው ፎቶ ቤት አላት። ዓለም ጠባብ ናት። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ሱቋ ውኃ ገባና ኮምፒውተሯ ተበላሸ። ሰው ሁሉ አይዞሽ አላት። እሱ ግን አይዞሽ ብሎ ብቻ የሚቀር ሰው መሰለሽ? ሱቁን መልሳ የከፈተች ዕለት፣ ዘመድ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ፕሮግራሙን በሳጥን፣ ሳጥኑን በቀይ ሪባን አስሮ ከች አለ። ንግግርም አደረገ። «እህቴ በተሰረቀ ነገር እንድትሠራ አልፈቅድም። ኦሪጅናሉን ገዝቼላታለሁ» አለ። ተጨበጨበ። እናቱ እልል አለች። እህትየዋ አለቀሰች፣ ሞኝ ናት። ሪባኑን እንኳ አልጣለችውም፣ ያውልሽ መስተዋቱ ጫፍ ላይ… ማለቴ፣ እሷም ልክ እንደዚህ መስተዋቷ ላይ አስራዋለች አሉ። ብዙ ሰው ነው መሰለኝ ሪባን መስተዋት ላይ የሚያስር።

እንግዲህ የሰዎቹ እናት ሰማንያ ዓመት ሞላት፣ ልጆቿም ልደቷን ሊያከብሩ ተነሱ። ወሬው እንዳይረዝምብሽ እናትየዋን «እማዬ» እያልኩ ልንገርሽ፣ አፌ የለመደው እሱን ነው። እህትየዋንም «እኔ» ልበላት፣ ያው ሥራችን አንድ ነው፣ አትቀየመኝም።

የኔ ስጦታ ፎቶ ነው፣ ሌላ ምን አለኝ? እማዬ ወጣት ሆና የተነሳቻት አንዲት ጉርድ ፎቶ አለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ጥጓ ተቀዷል፣ ጉንጯ ላይ እጥፋት አለ፣ አንድ ዓይኗ ላይ ውኃ ነክቶታል። እሷን አሳደግኳት። የተቀደደውን ሞላሁ፣ እጥፋቱን አወጣሁ፣ ፀጉሯን ክር በክር ሠራሁት። ዓይኗን ከሌላኛው ዓይኗ አይቼ መለስኩላት። ማታ ማታ ስተኛ ራሱ የሷ ቅንድብ ነበር የሚታየኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም፣ ከእንግዲህም የምሠራ አይመስለኝም።

ላትም ስል አፕዴት መጣ። «አሁን» እና «ትንሽ ቆይቶ» የሚሉ ሁለት ነገሮች አወጣ። «ትንሽ ቆይቶ» የሚለውን ነካሁ። ትንሽ ቆይቶ ማለት በነሱ ቋንቋ አሁን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮኝ? ፎቶው ታተመ፣ በዚህች አምፖል ሥር አየሁት፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ በእንባ ደግሞ ምን ይታያል… ፍሬም አስገባሁት፣ ነጭ ጨርቅ አለበስኩት፣ አዳራሹ ድረስ አቅፌው ሄድኩ።

አዳራሹን ብታዪው፣ መብራቱ መርፌ ከወደቀ ያስለቅማል። ዘመድ ሞልቷል። አጎታችን… አጎታቸው መጥተዋል፣ «ጋሼ ጉምሩክ» ነው የምንላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሻንጣ ሲያስከፍቱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሰውዬውም መጣ፣ ሚስቱና ልጁ ቀድመው ደርሰው ነበር። ልጁ በሩ ላይ ብታየው ጊዜ የኔ ቀሚስ ውስጥ ገባች። «ያ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ በጆሮዬ። ሕፃን ናት፣ ሸሚዙን አላወቀችው ይሆናል።

ከዚያ ጨርቁን ግለጪው ተባልኩ፣ ገለጥኩት። ጎረቤቴ… ከእማዬ ግንባር ተነስቶ፣ በአፍንጫዋ በኩል አልፎ፣ አገጯ ድረስ በሰያፍ፣ በግራጫ ፊደል፣ ሱቄ ውስጥ ያላየሁት ጽሑፍ ቁጭ ብሏል። የሚበሉት አፋቸውን ዘጉ፣ የማይበሉት ከፈቱ። እማዬ መነጽሯን አልያዘችም። «ምን ይላል? ስሜን ነው የጻፋችሁት?» አለች። ጋሼ ጉምሩክ ተነሱ፣ ቀረብ አሉ፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በዚያ በጉምሩክ ድምፃቸው አነበቡላት። «ትክክለኛነቱ ያልተረጋገጠ ቅጂ።»

«እኔ?» አለች እማዬ። «የማን ቅጂ ነኝ?»

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? ሳቁ ሲያልቅ ግን ጋሼ ጉምሩክ አልሳቁም ነበር። «እንዲህ ያለ ምልክት የሚወጣው ምን ሲሆን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደማን ይዙር? ባለሙያው እዚያው ቆሟል፣ ሳህኑን ይዞ። ወደሱ ዞሩ። እኔም ዞርኩ፣ እግዜር ይስጠው አሁን ያስረዳልኛል ብዬ። እሱ ነው የሰጠኝ፣ በሪባን፣ እነዚሁ ሰዎች እያጨበጨቡ።

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ብዙ ጊዜ… ፕሮግራሙ ሕጋዊ ሳይሆን ሲቀር ነው» አለ። አለና ወደ ሳህኑ አጎነበሰ።

አልዋሸም። ይሄ ይያዝልኝ፣ እሱ አይዋሽም። «ብዙ ጊዜ» አለ እንጂ «ሁልጊዜ» አላለም፣ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? ሰውዬው ያን ቀን ባለጸጋ ሆነ። ጋሼ ጉምሩክ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይተው «ከሌባ የሚገዛም ያው ሌባ ነው» አሉ። ሰውዬው ሳህኑን አስቀመጠና ጨርቁን አንስቶ ፎቶውን በደንብ አድርጎ ሸፈነው። አሳቢነቱን እዪልኝ፣ ጥጉን ሳይቀር ነው ያስተካከለው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉትን ተረት እሰማ ነበር፤ በእምዬ ግንባር ላይ በፊደል ተላክኮ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

የቀረውን ስቄ ልነግርሽ አልችልም። ሰው ሲበተን ሳህን እያጠብኩ እማዬ መጣች። በሩን ዘጋች። «ልጄ፣ የሰው ነገር ነው እንዴ የምትሠሪበት?» አለችኝ። «ቢቸግርሽ ለኔ አትነግሪኝም ነበር?» ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ጎረቤቴ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ አዘነችልኝ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ፣ እሺ ይሁን። እናትየዋ እንደ እማዬ ንጹሕ ሆና ልጇን ሳታምን ስትቀርስ፣ ሌባው ማን ይባላል? አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ተረት አላውቅም።

በማግስቱ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ብዙ ሙዚቃ። ከዚያ አንዲት ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ መጣች። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩላት፣ ፈለገች፣ ፈለገች። «ይህ ፈቃድ የተሸጠ አይደለም» አለችኝ። «ለአንድ ሠራተኛችን፣ ለገዛ ቤቱ እንዲገለገልበት በነጻ የተሰጠ ነው። ሱቅ ውስጥ መሥራት አይፈቀድም። ድሮ አናገኘውም ነበር፣ አሁን አዲሱ ፍተሻችን በጣም ጎበዝ ስለሆነ ያዘው።»

ገባሽ? «ገዝቼላታለሁ» የተባለው፣ እልል የተባለለት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ኪስ የወጣ ነው። የያዘው ደግሞ አዲሱ ፍተሻ ነው። አዲሱን ፍተሻ ማን ሠራው? … ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ሰምተሻል። እሱ ጎርጉሮ ጎርጉሮ የገዛ እጁን ጨብጦ አወጣ። የሌባ ወጥመድ ሲያጠምድ እንቅልፍ አጥቶ፣ የራሱን ስጦታ እህቱ ቤት ማስቀመጡን ረሳው። እንደዚህ ያለ ስህተት ተራ ሰው አይሠራውም፣ በጣም መማር ይጠይቃል።

የሠራተኛችሁ ስም ማነው አልኳት። የግል መረጃ ስለሆነ አንናገርም አለች። ግዴለሽም አልኩ በሆዴ፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እናቴ ክንዴ ላይ አድርጋልኝ «ምን እንበለው?» ስትለኝ…

ይልቅ ቀጥሎ የጠየቀችኝን ስሚ። «ይህን ማን ሰጠዎት? ይንገሩንና በእርስዎ ላይ ምንም አይደርስም። እርምጃ የምንወስደው በሠራተኛው ላይ ነው» አለችኝ። አየሽ፣ አንዲት ቃል ብቻ። አንዲት ቃል ብናገር ፕሮግራሜ አይዘጋም ነበር፣ ስሜም ይጠራ ነበር፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ። ልጅ ያለው ሰው ግን በማግስቱ ሥራ ፈት ሆኖ ይነጋበት ነበር። እና ምን አልኳት? መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት አልኳት። ሰው መንገድ ላይ ፕሮግራም ወድቆ አግኝቶ ያውቃል? ልጅቷ ራሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንግዲያው መዝጋታችን ነው» አለች፣ በጣም በትሕትና ዘጋችው። ኮምፒውተሩ ጨርቅ የለበሰው ለዚህ ነው። በአጎታችን አፍ ሌባ ተብዬ ነበር፣ አሁን በገዛ አፌ አጸደቅኩት።

ዝምታ እንደሆነ እኛም ቤት አለ፣ ጎረቤቴ። የኛ ግን ወርቅ አይደለም፣ ያስርባል።

ይኸው ዛሬ ደግሞ… ያን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳጥን አየሽው? አዲስ ነው። ይሄኛው በእውነት የተገዛ ነው፣ ደረሰኙም ውስጡ አለ። ሪባኑ ሰማያዊ ነው። አንድ ሰው ነው ያመጣልኝ፣ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ መንገዱን አሳብሮ። «ነገሩን ለማንም አታንሺው» አለኝ። እኔ ደግሞ መች አነሳሁ? እኔ የማላውቀውን ሰው ወሬ ነው የማወራሽ። ኮድ አለው አለኝ። ኮዱን ስታስገቢ «እናመሰግናለን፣ ትክክለኛ ተጠቃሚ ነዎት» ይላል አለኝ። ደስ ይላል። ለእማዬ ግን ይሄን ኮድ የቱ ጋ ላስገባላት? ጆሮዋ ላይ? እሷ እኮ ኢንተርኔት የላትም። የፈለግኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «እማዬ፣ እሷ አልሰረቀችም፣ እኔ ነኝ።» በቃ። ያቺ ዓረፍተ ነገር አፕዴት አያስፈልጋትም፣ ሮቦት አለመሆንን ማስረዳት አያስፈልጋትም፣ ድልድይ መምረጥ አያስፈልጋትም። አፍ ብቻ ነው የምትፈልገው። አፍ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ በነጻ ተሰጥቶታል፣ ለሱቅም ለቤትም ይሠራል።

አይ፣ አትነሺ፣ ምን ያሳፍርሻል? ሻይሽን ጨርሺ። ወንድሜ እንደሆነ የሰማው ነገር የለም። ስልኩም ከጠፋ ቆይቷል፣ እዪው፣ ጥቁሩን መስተዋት ነው የሚነካካው።

አንተ ወንድሜ፣ ስትወጣ ያን ያኮረፈውን ፍሬም ያዝልኝ። አዎ፣ እሱን። በእማዬ ቤት በኩል ነው የምታልፈው አይደል? አድርስላት። ጽሑፉ እንዳለ ነው፣ አላጠፋሁትም፤ በምን ፕሮግራም ላጥፋው? ግድግዳዋ ላይ ራስህ ስቀልላት፣ ሚስማር መምታት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፣ አትረሳውም። እንግዲህ እሷ መነጽሯን አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ ለምን ተጻፈብኝ?» ትልህ ይሆናል። ያኔ አንተ የምታውቀውን ንገራት። ባለሙያው አንተ ነህ… «ብዙ ጊዜ» ብለህ ጀምርላት።

ኧረ ነቃች። ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ። ፀጉርሽን ትራሱ ነው እንዲህ ያደረገው? ጫማሽን ልሰርልሽ… አባትሽ መጥቷል፣ እዪው። ምነው፣ ምነው ከኋላዬ? ቀሚሴን ልቀቂኝ እንጂ። አባትሽ እኮ ነው። ጎረቤቴ፣ አትሳቂ፣ ልጅ አይደለች? አሁን ከእንቅልፏ ስለተነሳች ነው። አንተም ቅር አይበልህ፣ ፍሬሙን በአንድ እጅህ፣ እሷን በአንድ እጅህ ያዝ። ታልቅስ ግዴለም፣ የመንገዱ ጥግ ድረስ ነው። ከዚያ ይደክማትና ትከሻህ ላይ ትተኛለች።

በል መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። ክፉ አይንካህ፣ እንጀራህን አይንሳህ። እንደ እማዬ ሰማንያ ዓመት ሙላ። ያን ቀን ይቺ ልጅህ ፎቶህን በትልቁ አሳትማ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በደማቅ መብራት ጨርቁን ትግለጥልህ። ግንባርህ ንጹሕ ይሁን፣ አንድ ፊደል አይውጣበት። ሰዉም ዞሮ «ይሄ ማነው?» ብሎ ሲጠይቃት… ፈጣሪ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ማንም ሳያረጋግጥላት፣ «አባቴ ነው፣ አውቀዋለሁ» የምትል ልጅ ያድርግልህ። አሜን በላ፣ ወንድሜ። ጮክ ብለህ በል እንጂ… ድምፅህን ትልመደው።